ዘር፣ ብሔርና የትውልድ ሐረግ፦ ሦስቱን ሳያምታቱ ቅጽ ለመሙላት፣ የዲኤንኤ ውጤት ለማንበብና ሐኪም ለማነጋገር

«ዘርህ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ አንድ ይመስላል እንጂ ሦስት ነው። በአሜሪካ የትምህርት ቤት መመዝገቢያ ላይ ሲመጣ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ከምራቅ በሚሠራ የዲኤንኤ ምርመራ ላይ ሌላ፤ አገር ቤት ሁለት ሰዎች ሲተዋወቁ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ። ሦስቱን የሚያምታታ ሰው ቅጹን ያበላሻል፣ ለምርመራው የከፈለበትን ውጤት በተሳሳተ መንገድ ይተረጉማል፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ጎረቤቱን በአጥንቱ የተለየ ፍጡር አድርጎ ማየት ይጀምራል። ይህ መመሪያ ሦስቱ እንዴት እንደሚለዩ፣ ልዩነቱም የት የት እንደሚጠቅም ያሳያል። «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ጥያቄውን ይበትኑት

ዘር ሰዎችን በሚታይ መልክ፣ ይልቁንም በቆዳ ቀለም፣ ለመደልደል የተሠራ ምድብ ነው። መዳቢው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ አካል ነው፦ መንግሥት፣ ሕግ፣ ወይም መንገድ ላይ የሚያይዎት ሰው። ብሔር ወይም ብሔረሰብ የሚቆመው በቋንቋ፣ በባህል፣ በጋራ ታሪክና «የእነ እገሌ ወገን ነኝ» በሚል እምነት ላይ ነው። ሦስተኛው የትውልድ ሐረግ ነው፤ በሥጋ የወለዱን ሰዎች ሰንሰለት። ከሦስቱ ውስጥ በላቦራቶሪ ከፊሉ ሊነበብ የሚችለው ይህ ሦስተኛው ብቻ ነው።

የትኛውን እንደተጠየቁ ግልጽ ካልሆነልዎ በሁለት መንገድ ይፈትኑት። ሌላ አገር ቢሄዱ መልሱ ይለወጣል? ከተለወጠ ጥያቄው የዘር ነው። በብራዚል የሕዝብ ቆጠራ «ፓርዶ»፣ ማለትም ቅልቅል ወይም ጠይም፣ ተብሎ የሚመዘገብ ሰው ኒው ዮርክ ሲገባ «ጥቁር» ሊባል ይችላል። አዲስ አበባ ሲኖር ጥቁር ነህ ወይስ ነጭ የሚል ቅጽ አይቶ የማያውቅ ሰው ዋሽንግተን ዲሲ በደረሰ በጥቂት ቀን ውስጥ ይህንኑ ይጠየቃል። ሰውየው ያው ነው፤ የተለወጠው መዳቢው ነው።

ሁለተኛው መፈተኛ የሚከተለው ነው፦ ልጁን ገና በአራስነቱ ሌላ ቤተሰብ ወስዶ ቢያሳድገው መልሱ ይለወጣል? ከተለወጠ ጥያቄው የብሔር ነው። በኦሮሞ ባህል ጉዲፈቻ ልጅን ወደ ቤተሰብ፣ ሞጋሳ ደግሞ ከሌላ ወገን የመጡ ሰዎችን፣ አንዳንዴም መላ ማኅበረሰብን፣ ወደ ጎሳው ያስገባል። የገባው ወገን በመብትም በግዴታም እንደ ተወላጁ ይቆጠራል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ1987 ዓ.ም. በአንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 5 ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብን ሲተረጉም የዘረዘራቸው ነገሮች የጋራ ወይም ተመሳሳይ ባህልና ልማድ፣ መግባቢያ ቋንቋ፣ የተዛመደ ህልውና አለን የሚል እምነት፣ የሥነ ልቦና አንድነትና የተያያዘ መልክዓ ምድር ናቸው። ደም የሚል ቃል እዚያ የለም። ስለ አንቀጹ የፖለቲካ ውጤት የፈለጉትን አቋም ይያዙ፤ «ብሔር በደም ነው» የሚል ሰው ግን ድጋፍ ከዚያ አያገኝም።

በሁለቱም መፈተኛ ካልተለወጠ የተጠየቁት ስለ ትውልድ ሐረግ ነው።

ምድቦቹን ማን ሠራቸው?

ዘር ከተፈጥሮ የተቀዳ ዝርዝር ቢሆን ኖሮ ዝርዝሩ በየዘመኑ ባልተቀያየረ ነበር። ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ በ1758 የሰውን ልጅ በአራት ከፈለው። ጀርመናዊው ዮሐን ፍሪድሪኽ ብሉመንባኽ በ1795 አምስት አደረገው፤ የአፍሪካውያኑንም ምድብ «ኢትዮጵያዊ» ብሎ ሰየመው። ቆይቶ «የካም ልጆች» የሚባለውን ንድፈ ሐሳብ የያዙ የአውሮፓ ጸሐፊዎች ደግሞ ያንኑ የኢትዮጵያን ሕዝብ ከቀሩት አፍሪካውያን ነጥለው ወደ ነጮች አስጠጉት። አንድ ሕዝብ በአንደኛው ሊቅ መዝገብ የጥቁሮች ሁሉ መጠሪያ፣ በሌላው መዝገብ የነጮች ዘመድ ሆነ ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን ማንም ኢትዮጵያዊ መልኩን አልቀየረም።

የአሜሪካ ቆጠራም እንዲሁ ነው። በ1790 ነጻ ነጮች፣ ሌሎች ነጻ ሰዎችና ባሮች ብሎ ጀመረ፤ በ1890 ከአያቶቹ አንዱ ጥቁር የሆነውንና ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ጥቁር የሆነውን እስከ መለየት ደረሰ፤ ከዚያ ያንን ተወው፤ በ2000 ደግሞ አንድ ሰው ከአንድ በላይ ዘር እንዲመርጥ ፈቀደ። በ1923 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ብሃጋት ሲንግ ቲንድ በተባለ የፑንጃብ ተወላጅ ጉዳይ ላይ ሲወስን፣ የዘመኑ ሳይንስ «ካውካሳዊ» (ነጮች የሚመደቡበት ዘር) ቢለውም ተራ ሰው ነጭ ብሎ ስለማያየው ዜግነት አይገባውም አለ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው አደጋ ብሔርን ወደ ዘር መለወጥ ነው። በሩዋንዳ ሁቱና ቱትሲ አንድ ቋንቋ ኪኛሩዋንዳ ይናገሩ፣ አብረው ይኖሩ፣ ይጋቡም ነበር። በ1930ዎቹ የቤልጅግ አስተዳደር ልዩነቱን በመታወቂያ ካርድ ላይ ጽፎ አጸናው፤ በ1994 ያው መታወቂያ በኬላ ላይ ማን እንደሚገደል መለያ ሆነ። ስለዚህ አንድ ሰው ስለ ሌላ ብሔር ሲያወራ አፍንጫ፣ ቁመት፣ አጥንትና ደም መጥራት ከጀመረ ንግግሩ ከብሔር ወጥቶ ወደ ዘር እንደገባ ይወቁ፤ እዚያው ያስቁሙት።

የሰው አመጣጥ ምን ይላል?

አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ልጅ ይዞ የሚገባ ሰው ሦስት ነገሮችን ቢለይ ይበቃዋል።

ሉሲ ወይም ድንቅነሽ በ1974 ሐዳር የተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረች የአውስትራሎፒቴከስ አፋረንሲስ ወገን ናት። የእኛ ዝርያ፣ ሆሞ ሳፒየንስ፣ አይደለችም። «የኢትዮጵያውያን እናት» ወይም «የአፋሮች ቅድመ አያት» ማለት ስሕተት ነው፤ በዚያ ዘመን ዘርም ብሔርም ሊኖረው የሚችል ሰው ገና አልተፈጠረም ነበር።

የእኛው ዝርያ ጥንታዊ አጥንቶች ከሦስት ቦታዎች በሚገባ ይታወቃሉ። ከኦሞ ኪቢሽ በ1967 የተገኙት ቅሪቶች በ2022 በታተመ የእሳተ ገሞራ አመድ ጥናት ቢያንስ 233,000 ዓመት ዕድሜ ተሰጥቷቸዋል። በአፋር ሄርቶ በ1997 የተገኙት የራስ ቅሎች 160,000 ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል። በሞሮኮ ጀበል ኢርሁድ የተገኙት ደግሞ ወደ 300,000 ዓመት ይጠጋሉ፤ ፊታቸው የእኛን ይመስላል፣ የራስ ቅላቸው ቅርጽ ግን ገና ረዘም ያለ ነው። ብዙ ተመራማሪዎች አሁን የሚያስቡት ዝርያችን ከአንድ መንደር እንዳልወጣ፣ ይልቁንም በአፍሪካ ተበታትነው እየተለያዩና መልሰው እየተገናኙ ከኖሩ ሕዝቦች እንደ ተሠራ ነው።

እዚህ ላይ በብዛት የሚፈጸም ስሕተት አለ፦ «አጥንቱ እኛ ምድር ስለተገኘ የሰው ዘር ሁሉ ምንጭ እኛ ነን፣ ሌሎቹ መጤ ናቸው» ማለት። ስምጥ ሸለቆ አጥንት የሚሰጠው ደለሉ ስለሚቀብር፣ የእሳተ ገሞራ አመዱ ዕድሜ ለመለካት ስለሚመች፣ የመሬቱ መሰነጣጠቅም የተቀበረውን መልሶ ስለሚያወጣ ነው። ከ200,000 ዓመት በፊት ኦሞ የሞተ ሰው ዛሬ ኦሞ ለሚኖረው ብቻ ሳይሆን ቶኪዮ ለሚኖረውም ያንኑ ያህል ዘመድ ሊሆን ይችላል። ኩራቱ ተገቢ ነው፤ የባለቤትነት ማስረጃ ማድረጉ ግን አይሠራም።

ከአፍሪካ ውጭ ያለው ሕዝብ አብዛኛው የትውልድ ሐረጉ ከ50,000 እስከ 70,000 ዓመት ገደማ በፊት ከአፍሪካ ከወጡ ሰዎች ነው። የወጡት ጥቂቶች ነበሩ፤ ይዘውት የወጡትም የአፍሪካን ልዩነት ከፊል ነው። ዛሬም ከፍተኛው የጂን ልዩነት ያለው አፍሪካ ውስጥ ነው፤ «ጥቁር» የሚለው ሣጥን ከሁሉም ሣጥኖች በላይ የተለያዩ ሰዎችን በአንድነት ያጭቃል። በአንጻሩ የፓፑዋ ኒው ጊኒ ሰው ቆዳው እንደ አፍሪካዊ ጥቁር ቢሆንም በትውልድ ሐረጉ ለእስያ ሕዝቦች ይቀርባል። ቆዳ የሚከተለው የፀሐይን ጨረር ነው፤ ዝምድናን እንዲናገር ከተጠየቀ ይዋሻል።

ቁጥሩን የሚፈልግ ሰው ይህንን ይያዝ። ሦስት ቢሊዮን ገደማ ከሆኑት የዲኤንኤ ፊደላት ሁለት ሰዎች የሚለያዩት በግምት ከ1,000 በአንዱ ነው። ሪቻርድ ሌዎንቲን በ1972 የሰዎችን ልዩነት ሲያሰላ 85.4 በመቶው በአንድ ሕዝብ ውስጥ ባሉ ግለሰቦች መካከል፣ 8.3 በመቶው በአንድ «ዘር» ውስጥ ባሉ ሕዝቦች መካከል፣ 6.3 በመቶው ብቻ በ«ዘሮች» መካከል ሆኖ አገኘው። ይህ ግን «የትውልድ አካባቢ በዲኤንኤ ጭራሽ አይታይም» ማለት አይደለም፤ በጣም ብዙ ነጥቦች አንድ ላይ ሲታዩ ይታያል። የሚታየው ግን ቀስ በቀስ የሚለወጥ ቀጣይነት ነው፤ ነጭና ጥቁር ብሎ የሚቆርጥ ድንበር አይደለም።

የአሪ ጉዳይ፦ «አጥንታቸው ሌላ ነው» ሲባል

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከሁሉም በላይ ትምህርት የሚሰጠው ምሳሌ ያለው በደቡብ ኦሞ ነው። በአሪ ሕዝብ ውስጥ ገበሬውና ብረት ቀጥቃጩ አይጋቡም። በሌሎች የአገሪቱ ክፍሎችም ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪና ቆዳ ፋቂ ሲገለል፣ ቡዳ እየተባለ ሲሰደብ፣ «ዘራቸው ሌላ ነው» ሲባል ኖሯል። ምሁራንም ሁለት ግምት ነበራቸው። አንዱ ቀጥቃጮቹ ገበሬው ሳይመጣ በፊት የነበሩ የአዳኞች ቅሪት ናቸው የሚል፣ ሌላው ከአንድ ሕዝብ ወጥተው በሥራቸው የተነሣ የተገለሉ ናቸው የሚል።

የመጀመሪያው የጂን ውጤት ሲወጣ ሁለቱ ቡድኖች በግልጽ የተለያዩ ስለመሰሉ ለፊተኛው ግምት ድጋፍ ሆኖ ታየ። በ2015 የታተመው ጥልቅ ትንተና ግን ነገሩን ገለበጠው፦ ቀጥቃጮቹና ገበሬዎቹ ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ አንድ የነበሩ ሕዝብ ናቸው። ልዩነቱን የፈጠረው መገለሉ ነው። ጥቂት ሰዎች ለብዙ ትውልድ እርስ በርስ ብቻ ሲጋቡ ጂናቸው በአጋጣሚ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል፣ በገበታ ላይም ራቅ ብሎ ይታያል። መገለሉ ልዩነቱን ሠራ፤ ልዩነቱ ደግሞ ተመልሶ መገለሉን ለማጽደቅ ሊቀርብ ነበር። ማንኛውንም «እነዚህ ሰዎች በጂን ይለያሉ» የሚል ዜና ሲያነቡ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ልዩነቱ የመጣው ከሩቅ አመጣጥ ነው ወይስ ከመነጠልና ከቁጥር ማነስ? ይህንንስ ሁለቱን በሚለይ ዘዴ መርምረውታል?

በዚያው ዓመት በጋሞ ደጋ ከሞጣ ዋሻ የተገኘ የ4,500 ዓመት አጽም ሙሉ ዲኤንኤ ታተመ፤ ዛሬ ካሉት ሕዝቦች ከሚቀርቡት መካከል አሪዎች ይገኙበታል። ተመራማሪዎቹ ከአውሮፓና ከምዕራብ እስያ በኩል የተመለሰ ቅልቅል መላ አፍሪካን አዳርሷል ብለው ነበር። ጥቂት ወራት ቆይቶ የኮምፒዩተር ስሌት ስሕተት ተገኘ፤ በ2016 መደምደሚያው ታረመ፣ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የመጣው ቅልቅል ግን ጸንቶ ቀረ። የመጀመሪያውን ዜና ብቻ ያነበበ ሰው ዛሬም ስሕተቱን ይዞ ይኖራል፤ ስለዚህ እርማት ወጥቶ እንደሆነ መፈለግ የንባቡ አካል ነው።

ቅጽ ሲሞሉ

አሜሪካ ያሉ ከሆነ አሮጌው ቅጽ ሁለት ጥያቄ አለው። በ1997 መመዘኛ መሠረት «ኤትኒሲቲ» የሚለው ጥያቄ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሂስፓኒክ ወይም ላቲኖ ነዎት ወይስ አይደሉም? ብዙ ሰው እዚህ ጋ ብሔሩን ለመጻፍ ቦታ ይፈልጋል፤ ቦታው የለም። ከኢትዮጵያ የመጣ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ «አይደለሁም» የሚለውን መርጦ ወደ «ሬስ» ያልፋል፤ እዚያ «ብላክ ኦር አፍሪካን አሜሪካን» የሚለው የአፍሪካ ጥቁር ሕዝቦች ተወላጆችን ሁሉ ይጨምራል። አሜሪካዊ መሆን አያስፈልግም።

በመጋቢት 2024 የወጣው አዲስ መመዘኛ ሁለቱን ጥያቄዎች ወደ አንድ አጠቃሎ ሰባት ምድብ አደረጋቸው፤ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች እንዲያሟሉ 5 ዓመት ስለተሰጣቸው በሽግግሩ ጊዜ ሁለቱንም ዓይነት ቅጽ ሊያገኙ ይችላሉ። በአዲሱ ዝርዝር ቅጽ ከ«ብላክ» ሥር «ኢትዮጵያን» የሚል ሣጥን አለ፤ በጎኑም ባዶ መስመር ይሰጣል። ኦሮሞ፣ አማራ፣ ትግራዋይ፣ ጉራጌ ወይም ሌላ መጻፍ የሚፈልግ ሰው ቦታው ያ ነው። አዲሱ «የመካከለኛው ምሥራቅ ወይም ሰሜን አፍሪካ» ምድብ ኢትዮጵያን በምሳሌነት አይጠራም፤ እስራኤላዊን ግን ይጠራል፣ ስለዚህ ከእስራኤል የመጣ ቤተ እስራኤል ሁለቱንም ሊመርጥ ይችላል። ከአንድ በላይ መምረጥ ይፈቀዳል፣ የሚመልሱትም እርስዎ ራስዎን እንዴት እንደሚያዩ ነው፤ ማንም የደም ማስረጃ አይጠይቅም።

«ኢትዮጵያን» የሚለውን መዝለል የሚያስከትለው ጉዳት አለ። ሁሉም «ብላክ» ላይ ብቻ ምልክት አድርጎ ካለፈ ስለ ማኅበረሰቡ ጤናና ትምህርት የተለየ አኃዝ አይወጣም። ቋንቋ ደግሞ ለብቻው የሚጠየቅ ነው፤ አማርኛ ወይም ትግርኛ አስተርጓሚ የሚፈልግ ሰው የቤት ውስጥ ቋንቋ የሚለውን ጥያቄ ባዶ እንዳይተው።

እንግሊዝ የምትጠይቀው «ኤትኒክ ግሩፕ» ብላ ነው፤ ዝርዝሩ ግን ቀለምንም አገርንም ቀላቅሏል። «አፍሪካን» መርጠው በመስመሩ ላይ ዝርዝሩን ይጻፉ። ፈረንሳይ በቆጠራዋ ይህን አትጠይቅም። አገር ቤት የፋይዳ ምዝገባ ብሔርን አይመዘግብም።

የዲኤንኤ ውጤት ሲያነቡ

መጀመሪያ የምርመራውን ዓይነት ይለዩ። የእናት መስመር ምርመራ እናትን፣ የእናትን እናት፣ የእርሷን እናት እያለ አንድ ክር ብቻ ይከተላል፤ የዋይ ክሮሞዞም ምርመራ የአባትን ክር እንዲሁ። ከ10 ትውልድ በፊት በሐረግዎ ላይ 1,024 ቦታዎች አሉ፤ እያንዳንዱ ምርመራ ከእነዚያ አንዱን ብቻ ያሳያል። በአባት መስመር «ከዐረቢያ» የሚል ውጤት ስለ ቀሪዎቹ 1,023 የሚናገረው የለም። መቶኛ የሚሰጠው ሦስተኛው፣ መላውን ዲኤንኤ የሚያይ ምርመራ ነው።

ከመቶኛው በፊት ኩባንያው የሚያወዳድርባቸውን ሕዝቦች ዝርዝር ይክፈቱ። ውጤቱ የሚለው «ዛሬ እነዚህን ሰዎች ትመስላለህ» ነው እንጂ «ከእነዚህ መጣህ» አይደለም። በዝርዝሩ ውስጥ «ኢትዮጵያና ኤርትራ» የሚል አንድ ቡድን ብቻ ካለ ውጤቱ ብሔር ሊነግርዎ አይችልም፤ የዘመናችንን ድንበር ነው የተከተለው። ቀጥሎ ከነጠላው ቁጥር ይልቅ ከጎኑ የሚሰጠውን ዝቅተኛና ከፍተኛ ግምት ያንብቡ። ጥቂት በመቶ የሆኑ ቁርጥራጮች ኩባንያው ስሌቱን ባሻሻለ ቁጥር ሊጠፉ ይችላሉ። ወንድምና እህትም የተለያየ ውጤት ያገኛሉ፤ ከወላጆቻቸው የሚወርሱት ግማሽ አንድ ዓይነት ግማሽ ስላልሆነ ነው፣ ይህም የአባትነት ጥርጣሬ ምክንያት መሆን የለበትም።

የደጋ ኢትዮጵያውያን ውጤት ላይ ከዐረቢያ ወይም ከምዕራብ እስያ የሚመጣ ክፍል መታየቱ የተለመደ ነው። አብዛኛው 3,000 ዓመት ገደማ ከሆነው ቅልቅል የመጣ ስለሆነ ቅርብ የሆነ ዐረብ አያት ፍለጋ አይውጡ። ይህ ቅልቅል በብዙ ብሔሮች ውስጥ አለ፤ ማንንም ከማንም ከፍ አያደርግም።

ምራቅዎን ከመላክዎ በፊት ናሙናው እንዲወገድ የሚፈቅደውን ምርጫ ያግኙ። ትዌንቲስሪ ኤንድ ሚ የተባለው የዲኤንኤ ምርመራ ኩባንያ በ2023 የ6.9 ሚሊዮን ደንበኞች መረጃ ተወስዶበታል፣ በመጋቢት 2025 ደግሞ ለኪሳራ ጥበቃ አመልክቷል። የእርስዎ ዲኤንኤ የወንድሞችዎም መረጃ ነው፤ አስቀድመው ያማክሯቸው።

ሐኪም ፊት

ሐኪም ቤት የዘር ሣጥን የሚጎዳባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንዱ መድኃኒት ነው። ኮዴይን ጉበት ውስጥ ሲዋይፒ-2ዲ-6 በተባለ ኤንዛይም ወደ ሞርፊን ይለወጣል። የዚህ ጂን ትርፍ ቅጂ ያለው ሰው በፍጥነት ስለሚለውጠው በተለመደው መጠን እንኳ ትንፋሽ እስከ ማፈን ሊደርስበት ይችላል። በ1990ዎቹ በተደረገ ጥናት 29 በመቶ የሚሆኑ ኢትዮጵያውያን ትርፍ ቅጂ ተገኝቶባቸዋል፤ በብዙ ሌሎች ሕዝቦች ዘንድ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። በመዝገብ ላይ «ጥቁር» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ይህ አይታይም። ስለዚህ ኮዴይን ወይም ትራማዶል ሲታዘዝ ቤተሰብዎ ከኢትዮጵያ መሆኑን ይናገሩ፣ ሌላ ማስታገሻ ወይም የጂን ምርመራ ይኖር እንደሆነ ይጠይቁ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ከ2017 ጀምሮ ሁለቱም ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ለሕመም ማስታገሻ እንዳይሰጡ፣ ለሚያጠቡ እናቶችም እንዳይመከሩ አስጠንቅቋል።

ሌላው ኩላሊት ነው። የማጣራት አቅምን የሚያሰላው የ2009 ቀመር ታካሚው ጥቁር ከሆነ ውጤቱን በ1.159 ያባዛ ነበር። አሜሪካ ውስጥ የንቅለ ተከላ የወረፋ ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው አቅሙ በደቂቃ 20 ሚሊ ሊትር ሲሆን ወይም ከዚያ ሲያንስ ነው፤ ያለ ማባዣው 18 የሚወጣለት ሰው በቀመሩ ምክንያት 20.9 ሆኖ ይመዘገብና ወረፋው ሳይጀምር ይቀራል። በ2021 የዘር ማባዣው ከቀመሩ ወጣ፤ በ2023 ደግሞ የንቅለ ተከላ ማዕከላት በአሮጌው ቀመር የተጎዱ ጥቁር ታካሚዎችን የወረፋ ጊዜ እንዲያርሙ ታዘዙ። የኩላሊት ሕመም ያለው ዘመድ ካለዎት የድሮ የላቦራቶሪ ወረቀቶቹን አሰባስበው ማዕከሉን ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ውጤቱ አሁን የሚሰላው በ2021 ቀመር ነው ወይ? የወረፋው መነሻ ቀንስ ታርሟል ወይ?